ግንቡ ራሱን ሲሥል፦ ስለ ዘመኑ ሲኤስኤስ ከጎንደር

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ፔንሲዮን ያላቸው አንድ ጋሼ አሉ። ስማቸው ይቆየን። ጥምቀት ሲቃረብ ደወሉልኝና «ልጄ፣ ዌብሳይቱ ሲከፈት የፋሲል ግንብ ራሱን በራሱ እየሣለ ይምጣ» አሉኝ። የሆነ ቦታ አይተው ነው፤ የት እንዳዩት ግን አያስታውሱትም። እኔም አፌ እንደለመደው «ይቻላል ጋሼ» አልኩ።

የነበራቸውን ገጽ ከፈትኩት። ከዓመታት በፊት የተሠራ ነው። አራት ትልልቅ ፎቶዎች ከቀኝ ወደ ግራ ይንሸራተታሉ፤ እያንዳንዱ ፎቶ ከካሜራው እንደወጣ የተለጠፈ ነው፤ ፎቶዎቹን የሚያንሸራትት የጃቫስክሪፕት (የዌብ ፕሮግራም ቋንቋ) ላይብረሪ፣ ማለትም ሌላ ሰው ጽፎ ያዘጋጀው ኮድ፣ ከሥር አለ፤ ያንን ላይብረሪ የሚያግዝ ሌላ ላይብረሪ ደግሞ ከእሱ ሥር አለ። በስልክ ዳታ እስኪከፈት አቦሉን ጠጥታችሁ ቶናው ይደርሳል። እንግዳው ደግሞ አዘዞ አየር ማረፊያ ላይ ሻንጣውን ይዞ ቆሞ ነው የሚከፍተው።

ይህን ሁሉ የማወራው ብዙ ልጆች አንድ ጥያቄ ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ ነው፦ «አኒሜሽን ለመሥራት የትኛውን ላይብረሪ ልማር?» የኔ መልስ ብዙ ጊዜ «ምንም» ነው። ሲኤስኤስ፣ ማለትም የዌብ ገጽን መልክ የምናዝበት ቋንቋ፣ ብቻውን የደረሰበት ቦታ ሩቅ ነው፤ እኛ ግን አሁንም ከአሥር ዓመት በፊት በተማርነው እየሠራን ነው።

ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው። ሲኤስኤስን በ1994 ያመነጨው ኖርዌያዊው ሆኮን ቪዩም ሊ ነው። የመጀመሪያው ደረጃ የጸደቀው በ1996 መጨረሻ ነው። ያኔ ዌብ ማለት ጽሑፍ ነበር፤ ስለዚህ ሲኤስኤስ የተሠራው ለቀለም፣ ለፊደል መጠንና ለኅዳግ ነው። ዕቃን ገጽ ላይ መደርደር ብዙም የታሰበበት አልነበረም። ሰው ግን መደርደር ፈለገ። መጀመሪያ በሰንጠረዥ አደረገው፤ ቀጥሎ ፍሎት በሚባለው። ፍሎት የመጣው ጽሑፍ በሥዕል ዙሪያ እንዲፈስ ነበር፤ እኛ ቤት ሠራንበት። እየፈረሰ ስንደግፈው፣ እየፈረሰ ስንደግፈው ዓመታት አለፉ።

ከዚያ ዕቃን በተርታ የሚደረድረው የሲኤስኤስ ስልት፣ ፍሌክስቦክስ፣ መጣ። ፍሌክስቦክስን እንደ ሠርግ ዳስ አግዳሚ አስቡት። አንድ መስመር ነው፤ ሰዎቹ በተርታ ይቀመጣሉ። እናንተ የምትናገሩት የእያንዳንዱን ሰው መቀመጫ በሳንቲሜትር ለክታችሁ አይደለም። የምትናገሩት ጠባያቸውን ነው፦ እኩል ተራርቃችሁ ተቀመጡ፣ ወይም መሐል ተሰብሰቡ፣ ቦታ ከተረፈ ያኛው ይዘርጋበት፣ አግዳሚው ካልበቃችሁ ወደሚቀጥለው ውረዱ። ልኬቱን ብራውዘሩ ይሠራዋል። በመሐላቸው የሚኖረውን ክፍተት ደግሞ ጋፕ በሚባለው አንድ መስመር ትሰጣላችሁ። ይኼ ጋፕ ለፍሌክስቦክስ በሁሉም ትልልቅ ብራውዘሮች የሠራው ከ2021 ጀምሮ ነው፤ ከዚያ በፊት ለሁሉም ኅዳግ ሰጥተን የመጨረሻውን መንጠቅ ነበረብን።

እዚህ ላይ አማርኛ የሚጽፍ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ፤ እኔም ወድቄበታለሁ። የፈረንጅ አብነት ታወርዳላችሁ፤ ቁልፉ ላይ አራት ፊደል ያላት አንዲት ቃል አለች። እናንተ እሷን አጥፍታችሁ «ክፍል ለማስያዝ» ትላላችሁ። ቀጥሎ «እንዳያመልጥዎት» የሚል ይጨመራል። የኛ ቃል ረጅም ነው፤ ግሡ ውስጥ ማን ለማን ምን እንዳደረገ ሁሉ ተጠቅልሎ ይገባል። ፍሌክስቦክስ ውስጥ ያለ ዕቃ ደግሞ፣ ካልነገራችሁት በቀር፣ ከውስጡ ካለው ረጅሙ ቃል በታች አልጠብም ብሎ ይገግማል። ስልክ ላይ ገጹ ወደ ጎን ይንሸራተታል። እናንተ ስህተቱን ቀኑን ሙሉ ትፈልጉታላችሁ። መድኃኒቱ ሁለት መስመር ነው፦ ትንሹን ወርድ የሚወስነውን ሚን-ዊድዝን ዜሮ አድርጉት፤ ከዚያ ረጅም ቃል የት እንደሚሰበር የሚወስነውን ኦቨርፍሎው-ራፕን ኤኒዌር (የትም ቦታ) በሉት። ቃሉ ከጠበበው ይሰበራል፣ ገጹ ግን አይፈርስም።

ስለ ፊደላችን ከተነሣ ይህንንም ልበል። ለጽሑፍ ሳጥን የተወሰነ ቁመት አትስጡ፤ ፊደላችን በመስመሮች መካከል አየር ይፈልጋል። እኔ የመስመር ከፍታውን ከ1.7 በታች አላወርድም። ሁሉንም ወደ ትልቅ ፊደል ቀይር የሚለው ትእዛዝ እኛ ላይ ምንም አያደርግም፤ ትልቅና ትንሽ ፊደል የለንማ። ጽሑፉን አዝምም ስትሉት ደግሞ ብራውዘሩ ፊደሉን ገፋ አድርጎ ያጣምመዋል፤ ነፋስ የመታው ማሽላ ይመስላል። ደስ የሚለው ግን ዝርዝርን በግዕዝ ቁጥር፣ ፩ ፪ ፫ እያለ፣ የሚቆጥር ስልት ሲኤስኤስ ውስጥ አለ። ኢትዮፒክ-ኑመሪክ ይባላል። አንድ ቃል መጻፍ ብቻ ነው።

ፍሌክስቦክስ አንድ መስመር ከሆነ፣ ግሪድ ደግሞ ወርድና ቁመትን አንድ ላይ የሚይዝ ነው። በመጋቢት 2017 ክሮም፣ ፋየርፎክስና ሳፋሪ በዚያው ወር ይዘውት ወጡ፤ በዌብ ታሪክ እንዲህ ያለ ስምምነት ብዙ አይታይም። ግሪድ ያመጣው ኤፍአር የሚባል መለኪያ አለ። ልጆች ሲሰሙት ግራ ይገባቸዋል፤ እኛ ግን ከድሮ ጀምሮ የምናውቀው ነገር ነው። መሬት በእጅ ስንካፈል «ሁለት እጅ ለባለመሬቱ፣ አንድ እጅ ለአራሹ» እንል የለ? ኤፍአር እሱ ነው፤ እጅ ማለት ነው። ሁለት ኤፍአርና አንድ ኤፍአር ብትሉ ሁለተኛው አምድ ሲሶውን ይወስዳል። የተወሰነ ልክ ያለው ሌላ አምድ ካለ እሱ አስቀድሞ ድርሻውን ይቆርጣል፤ ክፍተቱም ይቀነሳል፤ የሚካፈሉት የተረፈውን ነው።

ለጋሼ የክፍሎች ገጽ የጻፍኩት በቃል ሲነገር እንዲህ ነው፦ እያንዳንዱ የመኝታ ክፍል ካርድ ከ250 ፒክስል አይጥበብ፤ ከዚያ በላይ ያለውን እኩል ተካፈሉ፤ በአንድ ረድፍ ስንት እንደምትሆኑ እናንተው ቁጠሩ። አለቀ። ስልክ ላይ አንድ አምድ ይሆናል፣ ታብሌት ላይ ሁለት ወይም ሦስት፣ ትልቅ ስክሪን ላይ አራት ወይም ከዚያ በላይ። ድሮ ለዚህ ለእያንዳንዱ የስክሪን ስፋት ለየብቻ ደንብ እጽፍ ነበር። አሁን ኮንቴይነር ኩዌሪ የሚባልም አለ፤ ከ2023 መጀመሪያ ጀምሮ ሁሉም ዋና ዋና ብራውዘሮች ያውቁታል። ካርዱ የስክሪኑን ስፋት ሳይሆን የተቀመጠበትን ሳጥን ስፋት ይጠይቃል። ያው ካርድ ጠባብ ዳር ላይ ሲሰጡት ይጨማደዳል፤ ሰፊ መሐል ላይ ሲያገኝ ይዘረጋል።

ግሪድን በዓይኑ ማየት የሚፈልግ ሰው ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብቶ ቀና ይበል። ጣሪያው ላይ ክንፍ ያላቸው የመላእክት ፊቶች በረድፍና በአምድ ተደርድረዋል። ሁሉም አንድ ይመስላሉ፤ ትንሽ ስትቆዩ ግን የአንዱ ፊት ከሌላው እንደሚለይ ታያላችሁ። ሠዓሊው ሥርዓቱን አንድ ጊዜ ወስኖ ውስጡ እንደፈለገ ሠርቷል።

ይህንን በኤስቪጂ፣ ማለትም በመስመር ትእዛዝ በሚሠራ የሥዕል ፋይል፣ ለመሞከር ጓጓሁ። አንድ ፊት ብቻ ሣልኩ። ሲምቦል በሚባለው ውስጥ አስቀመጥኩት፤ ከዚያ ዩዝ በሚለው ትእዛዝ ደጋግሜ ጠራሁት። ሥዕሉ ፋይሉ ውስጥ አንድ ጊዜ ነው ያለው፤ ገጹ ላይ ግን ጣሪያ ይሞላል። ለእያንዳንዱ ጥሪ ትንሽ የተለየ ቀለም በሲኤስኤስ ተለዋዋጭ (ቫሪያብል) አቀበልኩ። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነበር። ከዚያ ክፉ መንፈስ ገፋፋኝና ጣት ሲነካቸው እንዲሽከረከሩ አደረግኋቸው።

ጋሼ አዩት። «ልጄ» አሉ ቀስ ብለው፣ «መልአክ ይሽከረከራል?»

በሰፌድ ቀየርኩት። ሰፌድ ቢሽከረከር ማንም አይቆጣም።

ኤስቪጂ ምንድን ነው? ፎቶ ማለት ነጥብ ነው፤ ሚሊዮን ነጥብ፣ እያንዳንዱ የራሱ ቀለም ያለው። ስታሳድጉት ነጥቡ ያፈጣል። ኤስቪጂ ግን ሥዕሉን ሳይሆን አሣሣሉን ነው የሚልከው። ለባጃጅ ሹፌር መንገድ እንደመናገር ነው፦ ከዚህ ተነሣ፣ ቀጥ በል፣ እዚያ ጋ ወደ ቀኝ ዙር፣ ተመልሰህ ጀመርክበት ቦታ ቁም። ፓዝ የሚባለው መስመር ውስጥ ያሉት ፊደሎችና ቁጥሮች ይኸው ናቸው። ኤም ማለት ብዕሩን አንሥተህ እዚህ አኑር ነው፤ ኤል ቀጥታ ሂድ፤ ሲ ጠምዘዝ በል፤ ዜድ ዝጋ። ጽሑፍ ስለሆነ በጽሑፍ መክፈቻ ትከፍቱታላችሁ፤ በመንገድ ላይም በደንብ ተጨምቆ ይላካል። ደረጃ ሆኖ የጸደቀው በ2001 ነው፤ አዲስ ነገር አይደለም። አዲሱ ነገር ሲኤስኤስ እጁን ወደ ውስጡ አስገብቶ መስመሩን መንካት መቻሉና ብራውዘሮች በዚህ መስማማታቸው ነው።

የፋሲል ግንብ ለዚህ የተፈጠረ ነው። አራት ማዕዘን ግድግዳ፣ በየማዕዘኑ ክብ ማማ፣ ማማው ላይ እንደ እንቁላል የቆመ ጉልላት፣ ጣሪያው ዳር እንደ መጋዝ ጥርስ የተደረደረ ድንጋይ። ሁሉም በጥቂት መስመር ይሣላል። የኔ ሙሉ ግንብ ከድሮው ገጽ ፎቶዎች የአንዷን ጥፍር አያህልም። የጥምቀት ዕለት በፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ ያለውን ሕዝብ ግን በኤስቪጂ እሠራለሁ እንዳትሉ። ፎቶን ወደ ቬክተር፣ ማለትም ወደ መስመርና ቅርፅ፣ የሚቀይር ፕሮግራም ሺህ ትንንሽ ቅርፆችን ይሰጣችሁና ፋይሉ ከፎቶው ይብሳል። ፎቶ ፎቶ ሆኖ ይቅር፤ ብቻ አሳንሳችሁ ጫኑት።

ቪውቦክስን ብዙ ሰው ሳይገባው ከሌላ ቦታ ገልብጦ ይለጥፈዋል። ነገሩ ቀላል ነው። «የኔ ወረቀት ወርዱ 200፣ ቁመቱ 100 ነው» ብላችሁ ታውጃላችሁ። 200 ምን? ምንም፤ የራሳችሁ መለኪያ ነው። ከዚያ በኋላ ሥዕሉ በጋሼ ስልክም ይሁን በሆቴል አዳራሽ ግድግዳ ላይ፣ ወርዱ ሁሌም 200 ነው። አንድ ሌላ ነገር፦ ሥዕሉን እንደ ተራ ምስል ከውጭ ፋይል ከጠራችሁት የገጻችሁ ሲኤስኤስ ውስጡን አይነካውም። መንካት ከፈለጋችሁ ኮዱን ራሱን ገጹ ውስጥ ለጥፉት። ቀለሙንም ካረንት-ከለር ካላችሁት የአካባቢውን ጽሑፍ ቀለም ይወርሳል፤ ስልኩ ወደ ጨለማ ገጽታ ሲዞር ግንቡም አብሮ ይዞራል።

አሁን ወደ ጋሼ ጥያቄ። ግንቡ እንዴት ራሱን ይሥላል?

አይሥልም፤ ማታለል ነው። ጥልፍ አስቡ። ኤስቪጂ መስመርን በቁርጥራጭ ስፌት ማሳየት ይችላል፤ ስፌት፣ ክፍተት፣ ስፌት፣ ክፍተት። የስፌቱን ርዝመት እናንተ ትወስናላችሁ፤ ስትሮክ-ዳሽ-አሬይ ይባላል። እንግዲህ አንዱን ስፌት የመስመሩን ሙሉ ርዝመት ያህል አድርጉት። ክፍተቱም ያንኑ ያህል ይሁን። ከዚያ ክሩን በሙሉ ወደ ኋላ ሳቡት፤ ይህኛው ስትሮክ-ዳሽ-ኦፍሴት ነው። አሁን መስመሩ ላይ ያረፈው ክፍተቱ ብቻ ነው፤ ምንም አይታይም። ክሩን ቀስ እያላችሁ ስትለቁት ስፌቱ ከአንድ ጫፍ ብቅ እያለ ይሄዳል፤ የሚያየው ሰው ብዕር ያለ ይመስለዋል። የመስመሩን ርዝመት መለካት የሚያስቸግር ከሆነ ፓዝ-ሌንግዝ የሚባለውን 1 ብላችሁ ስጡት። ብራውዘሩ ርዝመቱን 1 ብሎ ይቀበለዋል። ስፌቱም 1 ይሆናል፤ ኦፍሴቱ ከ1 ወደ 0 ይሄዳል፤ ሂሳብ የለም፣ ጃቫስክሪፕት የለም።

ግንቡን አንድ መስመር አላደረግሁትም። ግድግዳው መጀመሪያ፣ ማማዎቹ ቀጥሎ፣ ጉልላቱ መጨረሻ፤ ለእያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ መዘግየት ሰጠሁ። ሰው ቤት ሲሠራም ከጉልላት አይጀምርምና።

«ጎንደር» የሚለው ቃልም በዚያው ስልት እንዲጻፍ ፈልጌ ነበር፤ እዚህ ላይ ተሸወድኩ። ከፎንት የወጣ ፊደል የብዕር ጉዞ የለውም፤ ያለው የዳር ድንበሩ ብቻ ነው። ስለዚህ «ጎ» ሲጻፍ ሳይሆን ዙሪያው ሲታጠር ነው የሚታየው፤ እንደ መሬት ልኬት። የሚጻፍ እንዲመስል ከፈለጋችሁ በፊደሉ መሐል የሚያልፍ ወፍራም መስመር ራሳችሁ ሣሉ፤ እሱን ማስክ፣ ማለትም ከሥሩ ያለውን የሚሸፍንና የሚገልጥ ጭምብል፣ አድርጉት፤ የምታንቀሳቅሱት እሱን ነው። መስመሩ ሲያልፍ ከሥሩ ያለው ፊደል ይገለጣል። እያንዳንዱን ፊደል በእጅ መከተል ነው፤ አንድ ማታ ፈጀብኝ፣ ግማሹን መብራት ጠፍቶ በላፕቶፕ ባትሪ።

እንቅስቃሴ ላይ ከሁሉ በላይ መግባት ያለበት አንድ ነገር አለ። ብራውዘር አንድን ነገር ለማሳየት በመጀመሪያ ማን የት እንደሚቀመጥ ያሰላል፤ ከዚያ ቀለም ይቀባል፤ በመጨረሻ የተቀቡትን ንጣፎች አንዱን በሌላው ላይ ይደርባል። ስክሪኑ በሴኮንድ 60 ጊዜ የሚታደስ ከሆነ ለእያንዳንዱ ጊዜ ያለው 16.7 ሚሊሴኮንድ ብቻ ነው። እንቅስቃሴው የትኛውን ደረጃ እንደሚቀሰቅስ ነው ጥያቄው።

እስክስታ አስቡ። ትከሻው ይርገፈገፋል፣ አንገቱ ይሰበቃል፤ እግሩ ግን ያው ነው። አጠገቡ የቆመ ሰው ቦታ አይለቅለትም። ትራንስፎርም ይኸው ነው፤ ስትገፉት፣ ስታሽከረክሩት፣ ስታሳድጉት ገጹ ላይ ያለው መቀመጫው አይነካም፤ ጎረቤቱ ምንም አይሰማም። ዕቃው ምን ያህል ደምቆ ወይም ደብዝዞ እንደሚታይ የሚወስነው ኦፓሲቲም እንደዚያው ነው። ሁለቱ ብዙውን ጊዜ የመጨረሻውን ደረጃ ብቻ ስለሚነኩ ርካሽ ናቸው። አሁን ደግሞ አግዳሚው ላይ ዘግይቶ የመጣ ወፍራም ሰውዬ «እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉልኝ» ሲል አስቡ። ሁሉም ይነሣል፣ ሁሉም ይገፋፋል፣ ጠርዝ ላይ ያለው መሬት ይወርዳል። ወርድን፣ ቁመትን ወይም ኅዳግን ማንቀሳቀስ ማለት ይህን ሰውዬ በሴኮንድ 60 ጊዜ መጋበዝ ነው። ርካሽ ስልክ ላይ የሚንቀጠቀጠው ገጽ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ይኼ ነው።

ስፌቱን መልቀቅ ራሱ ከቀለም ቅብ ደረጃ አያመልጥም፤ በየቅጽበቱ መስመሩ እንደገና ይቀባል። ግንቡ ትንሽ ስለሆነና አንዴ ተሥሎ ስለሚያበቃ ችግር የለውም። መቶ መስመር ያለው ካርታ ላይ ግን አልሞክረውም።

ከግንቡ ጀርባ ፀሐይ አደረግሁ፤ ጨረሮቿ ቀስ ብለው እንዲዞሩ። ገጹን ከፈትኩት። ፀሐይዋ ባለችበት ከመዞር ይልቅ ትልቅ ቅስት ሠርታ ከስክሪኑ ወጣች፤ ወደ አዘዞ በረረች ማለት ነው። ምክንያቱ እንዲህ ነው፦ ተራ የገጽ ዕቃ ሲሽከረከር የሚዞረው በራሱ መሐል ነው። ኤስቪጂ ውስጥ ያለ ቅርፅ ግን ካልነገሩት በወረቀቱ የላይኛው ግራ ጥግ ዙሪያ ይዞራል፤ በገመድ ጫፍ እንደታሰረ በሬ። ትራንስፎርም-ቦክስን ፊል-ቦክስ፣ ትራንስፎርም-ኦሪጅንን ሴንተር ስትሉት ወደ ራሱ መሐል ይመለሳል። ይህችን ብቻ ያዙ፤ ብዙ ሌሊት ታድናችኋለች።

ገጹ ወደ ታች ሲሳብ ሥዕሉም አብሮ እንዲሄድ ማድረግ በሲኤስኤስ ብቻ ይቻላል፤ ክሮም ከ2023 ጀምሮ ይዞታል። በሁሉም ብራውዘር እኩል ስላልደረሰ ሰፖርትስ በሚባለው ደንብ ውስጥ አስገቡት፤ የሚያውቀው ይጠቀምበታል፣ የማያውቀው ያልፈዋል።

የመጨረሻው ነገር፦ እንቅስቃሴ የሚያዞርባቸው ሰዎች አሉ፤ በእውነት ያቅለሸልሻቸዋል። ስልኮች ላይ እንቅስቃሴ ቀንስ የሚል ማስተካከያ አለ፤ ሲኤስኤስም ፕሪፈርስ-ሪዱስድ-ሞሽን በሚለው ጥያቄ ሊያየው ይችላል። ደንቡን ጻፍኩ፦ ሰውየው እንቅስቃሴውን አጥፍቶ ከሆነ ግንቡ ተሥሎ ያለቀ ሆኖ ይቅረብ፣ ፀሐይዋም ትቁም። አሥር መስመር አይሞላም። ማንም አያየውም ብዬ ነበር የጻፍኩት።

ሥራውን አስረከብኩ። ጋሼ አሮጌ ስልካቸውን አወጡና መነጽራቸውን አድርገው ከፈቱት። ቶሎ ተከፈተ። ግንቡ ሙሉ በሙሉ ተሥሎ ቁጭ ብሏል። ፀሐይዋ ቆማለች።

«ቆንጆ ነው» አሉ። ትንሽ ጠበቁ። «ግን ራሱን ይሥላል አላልከኝም?»

ስልኩን ተቀብዬ ማስተካከያውን ከፈትኩት። የልጅ ልጃቸው ስልኩ ይፍጠን ብሎ አኒሜሽኑን አጥፍቶት ኖሯል።